ፍቺ

ዳኛው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
መዝገቡን ገለጠ፣ አየን ቀና ብሎ።
«አርባ ሰባት ዓመት ባንድ ጣራ ተኑሮ፣
ምን መጣ? ፍቺ ምን አሰኛችሁ ዘንድሮ?»
ጠበቃችን እግሬን በጫማዋ ነካች፤
ሳምንት ያስጠናችኝን ቃል አስታወሰች።
እኔም እንደ ተማሪ ቆሜ አነበነብኩኝ፦
«አልተስማማንም፣ ክቡር ዳኛ» አልኩኝ።

አልተስማማንም።
እኔና አንቺ፣ ሬቫ።

እውነት ነው፣ አንዳንዴ አንስማማም ነበር፤
ስትከፍቺ መስኮቱን፣ ስዘጋው ስናድር፤
የወንዙን ዓሣ ሽታ በረንዳው ላይ ጠልተሽ፣
ባልዲዬን ከነመንጠቆው ዝናብ ላይ አውጥተሽ።
ጠባችን ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚብስ የለም፤
ጀርባ ተሰጣጥተን አንድ ሌሊት አልነጋብንም።

መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋሽ፣ ቀጥሎ የሰው ስም፤
ኋላም የገዛ ደጅሽ ትዝ አላለሽም።
አምና በየካቲት፣ በረዶው ሲጋገር፣
አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ፣ በሌሊት ልብስ፣ በባዶ እግር፣
ቆመሽ አገኘሁሽ።
«ልጆቹ ይጠብቁኛል፣ አርፍጃለሁ» አልሽኝ፤
ሠላሳ ዓመት የነዳሽውን ቢጫ አውቶቡስ ጠየቅሽኝ።

የእንክብካቤ ቤቱ ሂሳብ ያዥ ደግ ናት፤
ከረሜላ ጋበዘችኝ፣ ዋጋውን በወረቀት።
በወር ዘጠኝ ሺህ ዶላር፤ ደግሜ ቆጠርኩት፤
ዜሮውን ያበዛው የዓይኔ ድካም ነው ብዬ ጠረጠርኩት።
አርባ ዓመት በምዕራብ ቨርጂኒያ ከሰል ጉድጓድ፣
ብረት በይጄ ያኖርኩት፣ በሰባት ወር ሊናድ።

የአዛውንቱ መድን ለሐኪሙ ይከፍላል፤
ማጉረሱን፣ ማጠቡን «አይመለከተኝም» ይላል።
የድሃው መድን አለ፤ እሱ ሁሉን ይችላል፤
ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ «ቀድመህ ደኽይ» ይልሃል።

ነዳጅ ማደያው ውስጥ፣ ከገንዘብ መቀበያው ጎን፣
የማዮኔዝ ጠርሙስ አለ፣ ሳንቲም የሚለምን፤
የኮርዴል ትንሿ ልጅ ፎቶዋ ተለጥፎበት፣
«ለኩላሊቷ» የሚል ጽሑፍ ተጽፎበት።
እኔም ስንት ጊዜ ዝርዝር ጥዬበታለሁ፤
ያንቺን ፊት ጠርሙስ ላይ ማየት ግን ፈራሁ።

የጠበቃዋ ቢሮ ከጎማ ቤት በላይ፤
ልጅ እግር ናት፤ ትናገራለች ዓይኔን ሳታይ።
«ባልና ሚስት ለሕግ አንድ ኪስ ናቸው» አለች፤
«ሁለት ኪስ ሁኑ፤ የእሷ ባዶ ይሁን» ብላ ጻፈች።
ፓስተሩ በሠርጋችን «አንድ ሥጋ» ያለንን፣
ሕጉ «አንድ ኪስ» ብሎ ተረጎመው ቃሉን።

ከዚያ ዳኛው ዞሮ አንቺን ጠየቀሽ፦
«ወይዘሮ ሬቫ፣ እርስዎስ? በፍቺው ይስማማሉ?»
ረጅም አየሽኝ። ሻርፕሽን ነካካሽ።
«ደግ ሰው ይመስላል» አልሽ። «አግብቷል?»

የሳቀ ሰው የለም።

በሆዴ ጠየቅኩት፦ «እንቆቅልህ፣ ጌታ፤
ማነው ሚስቱን ሊያኖር ሚስቱን የሚፈታ?»
አላወቀም መሰል፤ አገር ግን አልሰጠኝ፤
ማኅተሙን መትቶ ደረሰኝ ቆረጠልኝ።
ለሰማንያ መቅደጃ ሰማንያ ዶላር ከፈልኩ፤
መልሱን ተቀብዬ ክንድሽን ደገፍኩ።
ቀለበትሽን የጠየቀ የለም፤ ጣትሽ አብጦ፣
እዚያው ቀረ፣ ከቆዳሽ ገብቶ፣ ሰምጦ።

ፍቺ ማለት ትርጉም ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤
ይህን ወረቀት ግን ሳነበው አድራለሁ።

የፈታሁሽ እኔ፣ ቀበቶሽን አሰርኩልሽ፤
«ሚስትህ አትቆጣም?» አልሽኝ፣ ፈገግ ብለሽ።
ሞተሩን አስነሣሁ። መንገዱ ጭቃ ነው።
ሰኞ ይወስዱሻል። ዛሬ ገና ዓርብ ነው።

ሌሊት ተነሥተሽ መስኮቱን ከፈትሽ፤
የወንዙ ብርድ ገባ፣ መጋረጃውን ነፋው።
ልዘጋው ተነሣሁ፣
እጄን ማጠፊያው ላይ አድርጌ ቆምኩ፣
ተውኩት።