ሁለት ጣት ክፍተት

ዓርብ ከሰዓት ነው፤ የሥራ ቀን አጭሩ፤
ከቤርሼባ ዲሞና፣ ሩቅ አይደል አገሩ።
እናቴ ደውላለች፣ ሦስቴ፣ ከጧት ጀምራ፦
«ሻማ አልቆብኛል ዋሴ፤ አደራ፣ አደራ!
ፀሐይ እንዳትቀድምህ፤ መንገድ ላይ አትዋል፤
ነጩን ሸሚዝ ይዘህ ና፤ አጎትህ ባይነሳኝ ከአፉላ ይመጣል።»

ደርዘን ሻማ ገዛሁ፤ ሸሚዙን ተኮስኩ፤
ሁለቱን አንድ ላይ ከጎን ሻንጣው ከተትኩ፤
በቀኝ በኩል አሰርኩት፣ በላስቲክ፣ በጠፍር።
በቀኝ በኩል ማርሚታ እንዳለ ማን አስቦ ነበር?

ነቫቲም መገንጠያ ቀይ መብራት ያዘኝና
አፍንጫዬን ነካው አንድ የላስቲክ ቃና።
ከፊቴ የቆመው የጭነት መኪና ነው ብዬ
አማሁት በሆዴ፤ ሰደብኩት፣ ጌታዬ!
አረንጓዴ በራ፤ መኪናው ሄደ፤ ሽታው ግን ቀረ፤
እግሬ ሥር አንድ ነገር ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

ወርጄ ባይ ጊዜ፣ ሻንጣዬ አፍ አውጥቷል፤
ናይለኑ ተሸብሽቦ እንደ ቋንጣ ደርቋል፤
ሻማዬ ወንዝ ሆኗል፣ ነጭ ወንዝ፤
ከወንዙም መካከል፣ እጁን ዘርግቶ፣ የኔ ሸሚዝ።
ካሁን በፊት ሻማ ሲያልቅ አይቻለሁ፤
ሳይበራ ሲያልቅ ግን ያን ቀን አየሁ።

ዑዳ የሚባል ሰው ፒካፑን አቆመ፤
«እንዳትነካው!» አለኝ፣ ከእጄ ቀደመ፤
ጎንበስ ብሎ አየና ከንፈሩን መጠጠ፦
«ይሄ ሻንጣ አይደለም፤ ድስት ነው» አለና ሳቁ አመለጠ።
እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ፀሐይዋ ትወርዳለች፤
እናቴ በስልኬ አራተኛ ጊዜ ትጣራለች።

ከፒካፑ ጀርባ የወይራ ዘይት ቆርቆሮ፣ ባዶውን፣ አወጣ፤
በመቀስ ቀደደው፣ በጉልበቱ አቀና።
እኔ ቸኩዬ ከማርሚታው ጋር ላጣብቀው ስል
ክንዴን ያዘኝ፦ «ወንድሜ፣ እንዲህስ አይደል።
ብረት ለብረት ወሬ ያቀብላል፤
እሳቱን ተቀብሎ ለሻንጣህ ያደርሳል።
መሃሉን ሁለት ጣት ባዶ ተውለት፤
የሚያድንህ ቆርቆሮው አይደለም፤ ያ ነው፣ ያ ክፍተት።
ነፋስ ይለፍበት።»

ሦስት ሦስት ሮንዴላ ከብሎኑ ላይ ደረበ፤
የሻንጣውን ቁስል በሽቦ ጠቀመ፤
ጣቶቹን ሰደደ በመሃል፦ «ይበቃል።»
ገንዘብ ብዘረጋ ገፋው፦ «ሂድ፣ ይመሻል።»

የቀረውን መንገድ እያሰብኩ ነበረ፦
እናቴና እኔ ባንድ ቤት ስንኖር ስንቱ እንዳረረ፤
ሁለት ክፍል፣ አንድ መስኮት፤ ቃሏ ሲነካኝ፣ ቃሌ ሲነካት፤
ለቅቄ የወጣሁ ለት፣ ጥያት የሄድኩ መስሏት፣
ደረጃው ላይ ቆማ አንድ ቃል አልወጣት።
ሠላሳ ስድስት ኪሎ ሜትር። ያኔ ማንም አልነገረን
ሮንዴላ መሆኑን።

ስደርስ ለጀንበሯ ከሕንጻው ጣሪያ አንድ ክንድ ቀርቷታል።
እናቴ ሻንጣውን ከፈተች። ዝም አለች። ከዚያ ቢላ አነሣች፤
የረጋውን ሰም ፈቅፍቃ፣ በጣሳ አቅልጣ፣ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ሞላች፤
ከሸሚዜ ጠርዝ ክር ክር አድርጋ ቀደደች፤
ጠመዘዘች፤ ተከለች፤
ለኮሰች።
ያዘ!
አጎቴ ባይነሳኝ ሲገባ ነጭ ሸሚዜ ይበራል፤
እኔ በከነቴራ ቆሜያለሁ።

ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ሲወጣ፣
ተከትላኝ ወረደች፣ ዳቦ በፌስታል ይዛ፣ በነጠላ ጫማ።
ቆርቆሮውን አየች፣ የተፋቀውን የወይራ ሥዕል፤
ጎንበስ ብላ ሁለት ጣቷን ከተተች በመሃል፦
«ይሄ ባዶ ቦታ ሥራ አለው?» አለችኝ።
«ዋናው እሱ ነው፣ እማዬ።»

ጣቶቿን ቶሎ አላወጣችም።