ተራ

ደብሊን፣ ኅዳር፤ ዝናቡ አግድም ይመታል፣
በመንግሥት ሆስፒታል ኮሪደር በሽተኛ ከነአልጋው ተደርድሯል።
ጎረቤቴ ዲምፕና፣ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳች፣
ጉልበቷን ለማስቀየር ሁለት ዓመት ተሰልፋለች።
«ጉልበት ያለው» ትላለች፣ «ጉልበቱን ዛሬ ያስቀይራል፤
ጉልበት ያነሰው ግን ጉልበቱን ታቅፎ ያድራል።»

ሐኪሙ አንድ፣ ቢላዋው አንድ፤
ሰኞ ለሕዝቡ መዝገብ፣ ሐሙስ ለመድን ካርድ።
በሩ ነው ሁለት የሆነው።

እኔ ደንብ አርቃቂ ነኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር፣
የግል መድን ድርጅቶችን አረቦን የምመረምር።
«ሽማግሌና ጎረምሳ እኩል ይክፈሉ» እጽፋለሁ፣
«የታመመ አይመለስ» እጽፋለሁ፤
አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጠዋት አነሣለሁ፣ ማታ እመልሳለሁ።
ጠበቆቻቸው ይመጣሉ፤ ጫማቸው ዝናብ አያውቅም።
«ገበያውን ተወው» ይላሉ፣ «ራሱን ይመዝናል።»
ሚዛኑን ማን ያዘው? እላለሁ፣
በሆዴ ነው ታዲያ፤
በአፌማ «ሻይ ልቅዳላችሁ?» ነው የምለው።

ባለፈው ሳምንት ትከሻዬን ያዘኝ።
ከደንቤ አንቀጽ አልጠቀስኩም፤
ካርዴን መዘዝኩ።
ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ምንጣፍ የለበሰ ክፍል፣
ስሜን በቁልምጫ የምትጠራ ነርስ።

ስወጣ፣ ፌርማታው ላይ ዲምፕና ቆማለች፣
ክራንቿን ተደግፋ፣ ውኃው ከኮፍያዋ ይንጠባጠባል።
«አንተም እዚህ? ተራህ ደረሰ?» አለች፣
ከልቧ ደስ ብሏት።

ተራ?
ተራ ለተራ ሰው ነው አልላት ነገር።
ዣንጥላዬን ዘረጋሁላት፤
ለሁለት አልበቃ አለ።