ይርሳው

ቡሬ፣ እህል በረንዳ፣ ከሚዛናችን ሥር
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ብረት ነበር።
መቶ አምስቱን ኪሎ «መቶ» ሲል ያ ሚዛን፣
ወገቤ ያውቅ ነበር የቀረች አምስቷን።
ወገብ ምላስ የለው፤ ምላስ ያለኝ እኔ
ዝም እል ነበረ፣ ተገዝቶ ልሳኔ።

ፍልሰታን በሱባኤ ከገዳም ሰንብቶ
ጋሽ ይርሳው ተመለሰ፣ ጺሙ ፊቱን ሞልቶ፤
ቅዳሜ ገበያ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣
ብረቱን አውጥቶ ጠጠሩ ላይ ጣለው።
«ጌታ ቤቴ ገብቶ መቀመጫ አጣ፤
የሰው እህል ሞልቶት። ኑ፣ ይውጣ፣ ይውጣ!»

ሁለት ቁና ሰፍሮ ለአንጓች ቢሰጣት፣
«ምን ነካህ?» አለችው፤ ሦስተኛ ጨመረላት።
«ታሞ ነው» አለ አንዱ፤ «ከስሯል» አለ ሌላው፤
አንድ የሽንዲ ሽማግሌ ጤፉን በጁ ዳሰሰው።

እኔ ከመጋዘን፣ ከጆንያው ጀርባ፣
ብረቱን ያኖርሁት፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትገባ፣
ወጣሁ። «በእጄ ነበር» አልሁ። ማንም አልመታኝም።
ኩንታል ዛሬም ኩንታል፤ መክበዱን አልተወም፤
ግን መቶው መቶ ነው።

ማታ ስጸልይ ስሙ ይቀድመኛል፤
«ይርሳው» እላለሁኝ፣ ልመና ይሆነኛል፤
የሱንም፣ የኔንም።

የማዶው ተሸካሚ፣ ልየው፣ ቢጠይቀኝ
«ምን አገኛችሁ?» ብሎ፣ ቃሉ ሁሉ ጠፋኝ።
ጥቅስ ከየት ላምጣለት? ፊደል አልቆጠርሁኝ።
«ነገ በጠዋት ና፤ እኛ ቤት፣ ከሚዛን
አንድ ኩንታል አንሣ፣ አድርሰው መጋዘን፤
ወገብህ ይንገርህ።»