ተርቦ

ነቲቮት፣ ነሐሴ ነው፤ ጠብታ የሌለው ነሐሴ።
ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ ላብ ጠጥቷል ቱታ ልብሴ።
ዓይድ የውሃ ቦቴውን ነዳው፣ እንዳመመው ከብት፣
ከራሃት እስከ እኛ ድረስ ዘይት እየተፋበት።

የዘይት መለኪያው ዘንግ ከጎሬው ዘሎ ወጥቷል፤
ክዳኑን ስፈታው እጄ ላይ ጨፍሯል፤
ከሥሩ ጭስ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይወጣል፣
ቃል እንዳጣ ሽማግሌ፣ ተቆጥቶ ያለከልካል።

ማክሉፍ ከቢሮው ወጣ፣ ስልኩ ጆሮው ላይ፣
ሳያጎነብስ ፈረደ፣ ሳይነካ፣ ሳያይ፦
«የፒስተኑ ቀለበት ላልቷል፤ ይውረድ ሞተሩ።
ካልሆነም ቱርቦ ነው። አርባ ሺህ ሰቅል፤ ለሰውየው ንገሩ።»

ዓይድ ከጎማው ጥላ ቁጢጥ አለ ዝም ብሎ፣
አርባ ሺህን በጣቱ አቧራው ላይ ጽፎ፣ ቀንሶ፣ አጉድሎ፣
የጋብቻ ቀለበቱን አሽከረከረ፤
እሱም ላልቶ ነበረ።

አጎቴ ባዩ ቆሟል መጥረጊያ ተደግፎ፣
ዕብራይስጡ በጆሮው ዳር ሠላሳ ዓመት አልፎ።
«ቱርቦ» ሲባል ሰማና ቀና አለ፣ ደነገጠ፦
«ማነው እሱ ተርቦ? ምሳዬን ልስጠው» ብሎ ፌስታሉን ገለጠ።

ሳቅሁኝ።
«ሰው አይደለም አጎቴ፤ ብረት ነው፣ በጭስ ጉልበት የሚዞር፣
አየር እየጠቀጠቀ የሚያጎርስ ለሞተር።»

እሱ ግን አልሳቀም። የሚያለከልከውን ሞተር አየው በትኩረት።
«የተራበም ሆድ ይነፋል» አለኝ። «አይቻለሁ፣ ሱዳን፣ ልጆች ላይ፣ ያን ዓመት።
ሐኪሙ መጥቶ ሆድ ይነካል፤ ነገሩ ከሆድ አይደል።
ነፋሱን አትይው፤ የገባበትን ፈልጊ፣ በየት በኩል።»

የጠራ ላስቲክ ቱቦ እንደ ፈረስ ኮቴ አጠፍኩት፤
የመስታወት ማጠቢያ፣ ሰማያዊ ውሃ ሞላሁበት፤
ጫፉን በመለኪያው ቀዳዳ ወሸቅኩት።
ሞተሩ ሲጮህ ውሃው ባንዱ ወገን ወጣ፣ በሌላው ወረደ፤
ሁለት ስንዝር ተለያየ፤ መሰከረ እንጂ አልፈረደ።

መተንፈሻውን ፈታሁ። ማጣሪያው ቅጥራን ጠጥቷል።
አጠብኩት፣ መለስኩት። ውሃው በጣት ቀንሷል።
ጣት ምን ይሠራል?

የቱርቦውን የዘይት መመለሻ ወደ ባልዲ አዞርኩት፣
ወደ ሞተሩ የሚገባበትን በቡሽ ወተፍኩት፣
ለአፍታ አስነሳሁት።
ውሃው ንቅንቅ አላለም።
ተርቦ አልነበረም።

ቀረ የፍሬኑ አየር መጭመቂያ፣ ከጎን የተለጠፈ፣
ትንሽዬ አገልጋይ፣ ስሙ በማንም አፍ ያላለፈ።
አየር የሚሰድበትን ቱቦ ፈትቼ ሜዳ ላይ ለቀቅኩት፣
ዓይኔን ከሰማያዊው ሳልነቅል ሞተሩን ቀሰቀስኩት፤

ወረደ።
ሁለቱ ስንዝር ሁለት ጣት ሆኖ ወረደ።

ለካ እንዲያቆመው የተሠራው ነው፣ ውስጥ ለውስጥ ሲነፋው የኖረ፤
ፒስተን ሲታማ፣ ቀለበት ሲታማ፣ እሱ ከጎን ሆኖ ይሰማ ነበረ።

ዘወር ስል ሁለቱ ሰዎች ጎማው ሥር ናቸው፤
የጋራ ቃል የላቸው፣
አንድ ፌስታል መካከላቸው።
ዓይድ ከሌሊት ዘጠኝ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤
ዳቦውን ሲቆርስ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ አጎቴ አየና ምንም አላለም።

ማክሉፍ በመስኮቱ ብቅ አለ፦ «አላልኩም? ቱርቦ ነበር?»
«ኬን» አለ አጎቴ፣ ለዓይድ እንቁላል እየላጠ። «ተርቦ ነበር።»