ቀለበት

«ሥራዎ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው፤
«አሳማ» አላት አባቴ። እስክሪብቶዋ ቆመ፣ ወንበሯን ሳበችው።
ብራባንት ውስጥ ሕጉ ይኸው ነው፦ ከአሳማ የዋለ፣
አፍንጫው ተጠርጎ ውጤት እስኪመጣ ከሰው ተገለለ።
ዳሌው ለተሰበረ ለሰባ ዓመት ሰው
ሁለት በር፣ አንድ አልጋ፣ የብቻ አየር ነው የተመደበው።
ቀለበቱን ሊያወልቁ ሞከሩ፣ በሳሙና፣ በዘይት፤
ሽቦ የቧጨረው ጣቱ አብጦ እንቢ አለ፤ «ነገ ይታያል» ብለው ተዉት።

እኔ ከእሱ በላይ ነኝ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ከየሱቁ የተገዛ ሥጋ የማጥብ፣ እጣቢውን የማይ፤
የተፈጨ፣ ቋሊማ፣ የጎድን ቁራጭ፣
በክብ ሳህን ላይ የምዘራ፣ የምረጭ።
ከዘሩ መሐል ትንሽ ወረቀት አለ፣
የምስር ፍሬ የሚያክል፣ መድኃኒት ያዘለ፤
መድኃኒቱ ከሠራ፣ በዙሪያው ጥርት ያለ ቀለበት ይወጣል፤
«ከዚህ አትለፍ» ብሎ ጀርሙን ያቆማል።

ትናንት ግን ከቋሊማው የበቀለው ዘር
ወረቀቱ ድረስ መጥቶ ተደግፎት ነበር።
ከሰዓት በኋላ ሌላ ጥጥ መጣልኝ በላስቲክ ታሽጎ፣
የአባቴን ስም፣ የልደቱን ቀን ጀርባው ላይ አድርጎ።
አደረ። በቀለ። ጎን ለጎን አኖርኳቸው፤
(የዝርያው ቁጥር ገና ነው) በዓይን ግን አንድ ናቸው።

ልጅ ሳለሁ ዱቄቱን ከመኖው የማማስል እኔ ነበርኩ።
«ታመሙ እንዴ?» ስለው፣
«እንዳይታመሙ» ይለኝ ነበር፤ እንዳይታመሙ፣ አማሰልኩ።
አንድ ማንኪያ ለሁሉም፤
ለመግደል ያንሳል፣ ለማስተማር ግን አያንስም።
ጠላቱን በየቀኑ በለዘበ ዱላ የሚመታ ሰው
ዱላ መቻልን ነው ያስተማረው።
በማን ልፍረድ? በባንኩ? በሱቁ? በእሱ?
ቋሊማው ርካሽ ነበር፤ እኔም ነኝ ከነሱ፣
የጫማዬን፣ የትምህርቴን የከፈለው ያ በረት፣
ይህን ነጭ ካፖርት።

ጋውን፣ ጓንት፣ ጭምብል ለብሼ ወረድኩ።
ዓይኔን ብቻ አይቶ «ሊስከ?» አለኝ፤ ነቀነቅኩ።
«እህ፣ እንዴት ሆነ?»
በየትኛው ቃል ልጀምር?
«ቀለበት አልወጣም» አልኩት።
                ጣቱን ቀና አርጎ አየና ሳቀ፦
«አይወጣማ! ሳሙናቸው አለቀ።
እናትሽ ትሩስ ያሰረችው ነው፣ አርባ አራት ዓመቱ፤
አይለቅም፣ ይልፉ።»
በጓንቴ ያዝኩት። ይሞቅ ነበር ጣቱ።