አራተኛው ቦርሳ

ገና በሦስት ሰዓት ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣
የፋውንዴሽኑን ቅጽ አቅፌ ስመጣ፣
ባጃጁ ጥሎኝ ዞረ ደቻቱ ዳር ላይ፦
"አሸዋ አልነዳም፤ ጎማዬን አታይ?"

ኮታው ሃያ ቤት ነው፤ ስልሳ እናቶች ቆመዋል፤
ችግር ከችግር ጋር በማስመሪያ ይለካል።
ገንዘቡ ከሩቅ ነው፤ ሰጪውን አላውቅም፤
ስሙን በአርማው እንጂ መልኩን አላየሁም።
ምርቃቱን ግን እኔ እቀበላለሁ፣
በአራት ቋንቋ፣ ያለ ደረሰኝ፣ ኪሴ እከታለሁ።

  ተራ ቁጥር፦ ዐሥራ ሰባት።
  ስም፦ ደሃቦ ሮብሌ።
  ሥራ፦ የፍየል ወተት፤ በሙቀቱ ወራት በረዶ።
  የባል ሁኔታ፦ ጂቡቲ።
  (ከዚህ በላይ አልተሞላም።)

"ልጆችሽ ስንት ናቸው?" አልኳት አቀርቅሬ፤
"አራት" አለች፤ "አራት" ጻፍኩኝ አሳምሬ።
ከዚያ ቀና ብዬ ልጆቹን ብቆጥር፣
ሦስት ናቸው፤ ሦስት፤ ከውሃው በርሜል ሥር።
አንዷ አፍንጫዋን በክንዷ ትጠርጋለች፣
አንዱ ቆርኪ ይቆጥራል፣ ትንሿ ታዛጋለች።
"አራተኛውስ?" አልኩ። ቃል አልመለሰች፤
በአገጯ ብቻ ወንዙን አመለከተች።

ደቻቱ ደረቅ ነው፤ ኳስ ይጫወቱበታል፤
ግመል ያልፍበታል፣ ጨርቅ ይሰጣበታል።
"ውሃ የሌለው ወንዝ ምን ሊወስድ ይችላል?"
ከሌላ አገር የመጣ እንዲህ ይጠይቃል።
እኔ ግን የዚሁ ነኝ፤ ሳቢያን ነው ያደግኩት፤
የዚያን ሌሊት ድምፁን በጆሮዬ ሰማሁት፦
ዝናቡ ደንገጎ፣ ጎርፉ ግን እኛ ዘንድ፣
እዚህ ጠብ ሳይል፣ ድንጋይ ይዞ ሲወርድ።

"ስድስት ዓመቱ ነው" አለች። "ዋበሪ ነው ስሙ።"
"ነበር" አላለችም።
"ነበር"ን ያየሁት እርሳሴ ጫፍ ላይ ነው፣
ሊወርድ ሲል፣ ቆሞ።

መመሪያው ግልጽ ነው። አንቀጽ አራት፣ ሀ፦
"በሕይወት ያለ ልጅ።"
ላጲስም ነበረኝ፣ በደረት ኪሴ ውስጥ።
እስከ ዛሬም አለ፣ ጥጉ ሳይነካ።

በጥቅምት ቦርሳው መጣ፣ ከነደብተሩ፤
ሰማያዊ ነው፤ አርማው ይታያል ከበሩ።
ለደሃቦ ደግሞ ፍሪጅ፣ በረዶ የምትሸጥበት፣
(መብራት ካልጠፋ ነው ውሃው የሚረጋበት፤)
ፈረመች በአውራ ጣት።
ቦርሳዎቹን ቆጥራ ወሰደች፦ አራት።

በኅዳር ጎብኚ ደረሰ፤ ካሜራ፣ ኮፍያ፤
"ልጆቹ ይሰለፉ፣ እዚሁ በር መግቢያ።"
ላብ አጠመቀኝ።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ከሦስቱ ቀጥሎ የማላውቃት ልጅ፣
አጥብቃ የያዘች የደሃቦን እጅ።
የማላውቃት ልበል እንጂ እናቷንስ አውቃታለሁ፤
ሐምሌ ላይ፣ ከዚያ ሰልፍ፣ እኔው መልሻታለሁ፦
"የቀበሌ መታወቂያ ሳትይዢ አትምጪ።"
"ከየት ላምጣ?" ስትል፣ "እሱን ራስሽ አምጪ።"

"ይህችስ ስሟ ማነው?" ጎብኚው ጠየቀ።
"ዋበሪ" አለች ደሃቦ፣ ድምጿ ሳይሰበር።
ልጅቷ ሳቀች። የወንድ ስም ነዋ።
ጎብኚው ቅጹን አየ፣ ስሙን አገኘው፣
ራይት አደረገ።
ፎቶው ላይ ሁሉም ስቀዋል፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅሁ፣
በጥላዬ ብቻ ከዳር የታየሁ።

ሪፖርቱ ላይ አራት ልጅ አለ። እኔ ነኝ የፈረምኩት።
ሐሰት ነው ካላችሁ፣ ቅጹ ይኸውና፤
የቱ ጋ እንደሆነ እርሳስ አስምሩበት።

እኔ የማውቀው ይህን ነው፦
ጠዋት ጠዋት አንድ ሰማያዊ ቦርሳ
አሸዋውን ያቋርጣል ከዚህ ወደዚያ ዳር።
ኢፍቱ ነው ስሟ፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።
ደሃቦ በሯ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፣
እስክትሻገር ድረስ በረዶ አትሸጥም፤
ወደ ደንገጎ በኩል ደመና ካየችማ፦
"ቶሎ በል" ትላለች።

"በይ" አትልም። "በል።"