የዝናብ መዝገብ

የመጀመሪያው ሣጥን ማላዊ ሲመጣ፣
ከዌልስ ተልኮ፣ ሃያ ጃንጥላ ወጣ።
ሣቅን። ቢሆንም ግን ጣሪያችን ወንፊት ነው፤
በሒሳብ ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ ዘረጋነው፤
መቶ አሥራ ሁለት ልጅ በሃያ ጥላ ሥር፣
ሲያባዛ፣ ሲያካፍል፣ ሲደምር፣ ሲቆጥር።

ከሣጥኑ ግርጌ አንድ ወረቀት አለ፣
"ምን ያስፈልጋችኋል? ጻፉልን" እያለ።
ርእሰ መምህራችን መነጽሩን ወልውሎ፣
"ቆርቆሮ፣ ጠመኔ፣ ምስማር፣ ኳስ" ብሎ
ሊዘረዝር ሲል ነው ሉሱንጉ የተነሣች፤
የአባቷን ዓሣ በጣሳ እየሰፈረች
ሒሳብን ከገበያ ይዛ የመጣች።
"እነሱስ" አለችው፣ "ምንድን ነው የሌላቸው?
ከእኛ መካከል ማነው የጠየቃቸው?"

ርእሰ መምህሩ እንደ ማኩረፍ አለ።
ጣሪያው ጠብ፣ ጠብ አለ።
ቆርቆሮውን ትተን ጥያቄዋን ላክን፣
እኛም እነሱም
እሹሩሩ ባልተባልንበት ቋንቋ።

ሁለት ወር ቆይቶ መልሱ ደረሰ።
ከኔስታ ነው። ዐሥር ዓመቷ።
በእርሳስ ነው የጻፈችው፣ የፊደሏ ጅራት ከመስመሩ የወጣ፦
"የሌለን ልጅ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ነን።
ሃያ ካልሞላችሁ ይዘጋል አሉን።
እዚህ በጉ ብዙ፣ ቤቱም ብዙ ነው፤
ባለቤቶቹ ግን የሚመጡት በበጋ ነው።"

ያን ዕለት ክፍሌ ሸንጎ ሆኖ ዋለ።
"እኛ ተጣበናል፣ እነሱ ጋ ወንበር አለ፤
ሠላሳ እንላክላቸው!" የሚለው አየለ።
ዝርዝር ተጻፈ። "ጫማ ያለው ይቅደም" ተባለ።
ቺሶሞ ታናሹን አስመዘገበ፣ ገና ያልተወለደውን።
እኔ ፊደል አርሜ ፖስታውን አሸግሁ፤
ስለ ቪዛ ግን ቃል አልተነፈስሁ።

መምህርታቸው፣ ሚስስ ፕሪቻርድ፣ ኋላ ጻፈችልኝ፦
ዝርዝሩን ከምክር ቤቱ ፊት ቆማ አነበበችው፣
ሠላሳውንም ስም፣ እየተሰናከለች፣ አንድ እንኳ ሳትዘል።
መጀመሪያ ሣቁ።
ቀጥሎ የወንበር ሲጥታ ብቻ ተሰማ።
ውሳኔው ግን ያው።

"እስከዚያው" ትላለች፣ "ሁለታችንም ያለንን እንለካ።"
ያለን ዝናብ ነበር።
የላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠን፣
ማስመሪያ ለጠፍን፤
መዝገቡ ሁለት ዐምድ፣ ግራው የእነሱ፣ ቀኙ የእኛ።
የእነሱ ዝናብ እንደ ሳል ነው፦
ሦስት፣ ሁለት፣ አራት፣ ሦስት፤ አይለቅም።
የእኛው እንደ ጠብ ነው፦
ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ከዚያ ባንድ ሌሊት ዘጠና አንድ፤
ድልድይ ይዞ ይሄዳል።

ጁላይ ላይ ተዘጋ።
"በግራው ዐምድ መጨረሻ መስመር አስምሪበት" አልኋት ሉሱንጉን።
ቀና ብላ አየችኝ፦
"የተዘጋው ትምህርት ቤቱ ነው፤
ዝናቡን ማን ዘጋው?"
ቀኑን እየጻፈች ቦታውን ትተወው ጀመር።
የበጋው ወራት ነበር፤
የእኛ ዜሮ፣ የእነሱ ባዶ።
ሁለቱ አንድ አይደሉም አለችኝ፤ እኔ መምህሯን።

ጃንዋሪ ላይ ፖስታ መጣ።
ኔስታ አሁን ከተማ ነው የምትማር፣ አርባ ደቂቃ በአውቶቡስ።
"ጠርሙሱን የፈለገው ሰው የለም፤
እቤቴ አጥር ላይ አሰርሁት" ትላለች።
ከሥሩ ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር፣
የአምስት ወር ሳል።

ሉሱንጉ ጠረጴዛዬን ነጠቀችኝ፤
ምሳዋን ትታ ስትገለብጥ ዋለች።
ባዶው ሁሉ ሞላ፣ አንድ ቀን ሲቀር።
እዚያ ላይ ኔስታ "ይቅርታ፣ አሞኝ ነበር" ብላለች።
"ዜሮ አድርጊዋ" አልኋት።
አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች።
ሚሊ ሜትር በሚገባበት ጠባብ ቦታ፣
ፊደሉን አሳንሳ፣ አጠጋግታ፣
እንዲህ ስትል ጻፈች፦
"ኔስታ ታማለች።"